የዶሮዎቼ ሴንሲቲቪቲ ውጤት መጣ፤ ትልቁን ቁጥር ልምረጥ?

ዕንቁላል ከቢሾፍቱ

ሰላም ለሁላችሁ። ቸግሮኝ ነው የምጽፈው። 600 ቦቫንስ ብራውን ዶሮዎች አሉኝ፣ 34ኛ ሳምንታቸው ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት መሞት ጀመሩ። መጀመሪያ በቀን አንድ ነበር፣ አሁን ሦስትም አራትም ይሞታል። ላባቸውን ነፍተው ጥግ ይይዛሉ፣ ቢጫና አረንጓዴ የተቀላቀለ ይቀዝናሉ፣ ጭንቅላታቸው ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ገርጥቷል። በቀን 17 ትሪ የነበረው ዕንቁላል 12 ገብቷል።

መድኃኒት ቤት ኦክሲ (ኦክሲቴትራሳይክሊን፣ ከቴትራሳይክሊን ቤተሰብ) ሰጡኝ። 5 ቀን በውሃ አጠጣሁ፣ ለውጥ የለም። ከዚያ አንድ ጓደኛዬ «ዝም ብለሽ መድኃኒት አትቀያይሪ፣ ሴንሲቲቪቲ አሠሪ፣ ባክቴሪያውን የትኛው መድኃኒት እንደሚያሸንፈው ያሳያል» አለችኝና ናሙና ላኩ። ዛሬ ውጤቱ መጣ። ኢ. ኮላይ የሚባል ባክቴሪያ ነው ይላል። ከሥሩ የመድኃኒት ስም፣ በሚሊ ሜትር ቁጥር፣ ከጎኑ ደግሞ ፊደል አለ (ኤስ ይሠራል፣ አር አይሠራም፣ አይ መሃል ላይ ነው ማለት ነው)። እንዳለ ልገልብጥላችሁ፦ ቴትራሳይክሊን 6፣ አር። አምፒሲሊን 9፣ አር። ጀንታማይሲን 19፣ ኤስ። ሲፕሮፍሎክሳሲን 24፣ አይ። ኮሊስቲን 12፣ ኤስ።

ግራ የገባኝ ይሄ ነው። ትልቁ ቁጥር የሲፕሮ ነው፣ ታዲያ ለምን ኤስ አልተባለም? ኮሊስቲን ደግሞ 12 ሆኖ እንዴት ኤስ ሆነ? መድኃኒት ቤቱ ወረቀቱን አይቶ «ጀንታ ኤስ ነው፣ በውሃ በጥብጠሽ ስጪ» አለኝ። ነገ ጠዋት ልጀምር ነው። የምታውቁ ቶሎ ንገሩኝ።

ጫጩት አሳዳጊ

እህቴ እኔም ባለፈው ዓመት ልክ እንደዚህ ገጥሞኝ ኢንሮ የሚባለውን አንቲባዮቲክ ሰጥቼ በሦስት ቀን ቆመልኝ። ጊዜ አታጥፊ። ዶሮ እያለቀ ሚሊ ሜትር ሲቆጠር አይዋልም።

የላብራቶሪ ሰው

እህቴ ነገ ጠዋት አትጀምሪ። መጀመሪያ ይሄን አንብቢ።

ሥራው እንዲህ ነው። ከናሙናው ካደገው ባክቴሪያ ጥቂት ኮሎኒ ወስደን በጨው ውሃ እንበጠብጣለን። ድፍርሱ ልክ አለው፣ 0.5 ማክፋርላንድ እንለዋለን፤ ጥቁር መስመር ያለበት ካርድ ፊት ለፊት ይዘን ከመለኪያው ቱቦ ጋር እናስተያያለን። ከቀጠነ በመድኃኒቱ ዙሪያ የሚወጣው ክብ ያለ ልኩ ይሰፋል፣ ከወፈረ ይጠብባል። ከዚያ በጥጥ ነክረን 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው ሙለር ሂንተን አጋር (ባክቴሪያ የሚያድግበት ምግብ) ላይ በሦስት አቅጣጫ እንቀባዋለን፣ መድኃኒት የተነከሩ ትንንሽ ክብ ወረቀቶች እንደረድራለን፣ 35 ዲግሪ ውስጥ ከ16 እስከ 18 ሰዓት ያድራል። ጠዋት ስታወጪው ሳህኑ በሙሉ ስስ ግራጫ ነገር ለብሶ ታገኚዋለሽ። መድኃኒቱ በሠራበት ዙሪያ ብቻ ጥርት ያለ ክብ አለ። ሳህኑን ገልብጠን ከጀርባው በማስመሪያ የምንለካው የዚያን ክብ ስፋት ነው። ወረቀቱ ራሱ 6 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ያንቺ ቴትራሳይክሊን 6 ማለት ክብ የሚባል ነገር የለም ማለት ነው። ባክቴሪያው እስከ ወረቀቱ ጠርዝ ድረስ አድጓል።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። የአንዱን መድኃኒት ቁጥር ከሌላው ጋር አታወዳድሪ። እያንዳንዱ መድኃኒት በአጋሩ ውስጥ የሚሰራጭበት ፍጥነት ይለያያል፣ ወረቀቱ ላይ ያለው መጠንም ይለያያል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ የራሱ መቁረጫ ቁጥር አለው። ለኢ. ኮላይ ቴትራሳይክሊን 15 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ኤስ ነው፣ 11 እና ከዚያ በታች ከሆነ አር። ሲፕሮ ግን ኤስ ለመባል 26 መድረስ አለበት። ያንቺ 24 ነው፣ መሃል ላይ ቀረ፣ ለዚህ ነው አይ የተባለው። ቁጥሮቹም እንዳሉ አይቆዩም። ሲፕሮ እ.ኤ.አ. እስከ 2018 ድረስ 21 ይበቃው ነበር፣ በ2019 ነው ወደ 26 ያደገው። ጀንታማይሲንም በ2023 ከ15 ወደ 18 ከፍ ብሏል። ያንቺ 19 በሁለቱም ያልፋል። ግን ያረጀ ሠንጠረዥ ግድግዳው ላይ ለጥፎ የሚያነብ ላብራቶሪ ዛሬ አይ የሚባለውን ኤስ ብሎ ሊጽፍልሽ ይችላል። ብዙዎቹ ቁጥሮች ደግሞ ለሰው ሕክምና የወጡ ናቸው፤ ለዶሮ ተብሎ የወጣው ትንሽ ነው።

ኮሊስቲንን እርሺው። ኮሊስቲን በዲስክ፣ ማለትም በዚያች ክብ ወረቀት፣ አይለካም። ሞለኪዩሉ ትልቅ ነው፣ አጋሩ ውስጥ በደንብ አይሰራጭም፣ ስለዚህ መድኃኒቱን የለመደውንም ያልለመደውንም ባክቴሪያ ተመሳሳይ ትንሽ ክብ ያሳይሻል። ትክክለኛው መለኪያ መድኃኒቱን በፈሳሽ ውስጥ ደረጃ በደረጃ አቅጥኖ ባክቴሪያው የትኛው ላይ ማደግ እንዳቆመ ማየት ነው። እሱ 12፣ ኤስ የሚለው መስመር ምንም አይነግርሽም፤ በዚያ ላይ ቆሞ ገንዘብ ማውጣት ያሳዝናል። ኮሊስቲን ደግሞ ለሰው የመጨረሻ ከሚባሉት መድኃኒቶች አንዱ ነው። ከባክቴሪያ ወደ ባክቴሪያ የሚተላለፈው ኤምሲአር-1 የተባለው የመላመድ ጂን እ.ኤ.አ. በ2015 የተገለጸው ቻይና ውስጥ ነው፤ በአሳማና በሥጋ ላይም ተገኝቷል።

ጀንታን በውሃ ማጠጣቱ ደግሞ ሌላ ስህተት ነው። ጀንታማይሲን ከአንጀት ወደ ደም አይገባም ማለት ይቻላል። ዶሮዋ ትጠጣዋለች፣ በአንጀቷ ያልፋል፣ በኩሷ ይወጣል። በሽታው ጉበትና ደም ውስጥ ከሆነ አያገኘውም። ሳህኑ ላይ ወረቀቱ ባክቴሪያው አጠገብ ነው የሚቀመጠው፤ ዶሮ ውስጥ ግን መድኃኒቱ በሽታው ያለበት ቦታ መድረስ አለበት።

ትልቁ ጥያቄዬ ግን ሌላ ነው። ናሙናው ከየት ነው የተወሰደው? መቼስ?

የወረዳ ሐኪም

የላብራቶሪው ወንድማችን ያለው ሁሉ ልክ ነው። እኔ ስለ ኢንሮ ልጨምር።

ጫጩት አሳዳጊ፣ ለእህታችን አዝነህ እንደጻፍክ ይገባኛል። ግን እነዚህ ዕንቁላል ጣይ ናቸው። ኢንሮፍሎክሳሲን ዕንቁላል ውስጥ ይገባል፣ መስጠት ካቆምክም በኋላ ቀናት ይቆያል። አውሮፓ ውስጥ ዕንቁላላቸው ለሰው ለሚበላ ዶሮዎች አይፈቀድም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2005 ለዶሮ በአጠቃላይ አግዳዋለች፤ ምክንያቱ ሰዎችን የሚያስቀምጥ ካምፒሎባክተር የሚባል ባክቴሪያ መድኃኒቱን እየለመደ በመምጣቱ ነው። እህታችን ነገ 12 ትሪ ዕንቁላል ለሱቅ ትሰጣለች። ከሱቁ የሚገዛው ልጁን ቁርስ የሚያበላ ጎረቤት ነው። በዚያ ላይ ሲፕሮና ኢንሮ አንድ ቤተሰብ ናቸው፣ የሲፕሮው ውጤት ደግሞ አይ ነው። ያንተ በሦስት ቀን የቆመልህ ምን እንደነበረ አታውቅም፤ ሳይመረመር ነው የቆመው።

ኦክሲው ላይም አንድ ነገር አለ። የዕንቁላል ጣይ መኖ ከ3.5 እስከ 4 በመቶ ካልሲየም አለው። ካልሲየም ኦክሲን ይይዘዋል፣ ወደ ደም የሚገባው ይቀንሳል። ውሃሽ ካልሲየም የበዛበት የጉድጓድ ውሃ ከሆነ ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ ዶሮው አልዳነም ተብሎ ብቻ ባክቴሪያው መድኃኒቱን ለምዷል ማለት አይቻልም። ያልደረሰውን መድኃኒት እንዴት ይለምደዋል?

የፈንግል ክትባት ወስደዋል? ፈንግልም አረንጓዴ ያስቀዝናል። እሱ ቫይረስ ነው፣ የትኛውም ዲስክ አይረዳሽም።

ዕንቁላል ከቢሾፍቱ

ዶክተር እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የፈንግልም የጉምቦሮም ክትባት በሰዓቱ ወስደዋል፣ ካርዱ አለኝ።

ናሙናው... ከቤቱ ወለል ላይ ነው የወሰድኩት። ኩስ ነው። በንጹሕ ፕላስቲክ አድርጌ ፍሪጅ ውስጥ አሳድሬ ጠዋት ላክሁት። ኦክሲውን በጨረስኩ ማግስት ነው። ስህተት ሠርቻለሁ አይደል?

የላብራቶሪ ሰው

እህቴ አይዞሽ፤ ከሚመጡልን ናሙናዎች ብዙው እንደዚህ ነው። የሚያስረዳ ሰው ስለሌለ ነው።

ኩስ ውስጥ ኢ. ኮላይ መገኘቱ ምንም አይደለም። ጤነኛ ዶሮም አንጀት ውስጥ ይኖራል። ስለዚህ ያ ወረቀት የሚነግርሽ አንጀት ውስጥ በሰላም ስለሚኖር አንድ ኢ. ኮላይ ነው። ዶሮዎችሽን እየገደለ ያለው እሱ ይሁን ሌላ አይታወቅም። 5 ቀን ኦክሲ ከጠጡ በኋላ ደግሞ ኦክሲ የሚገድላቸው ባክቴሪያዎች ሞተው የለመዱት ብቻ ስለሚተርፉ፣ ቴትራሳይክሊን 6 መውጣቱ አያስገርምም። ከኮሊስቲኑ በቀር ምርመራው በትክክል ተሠርቷል። የተጠየቀው ጥያቄ ነው ሌላ የሆነው።

አሁን እንዲህ አድርጊ። ምንም መድኃኒት አትስጪ። ነገ ጠዋት የሞተችውን፣ ገና ያልቀዘቀዘች ካለች፣ ከሁለት በጠና ከታመሙ ጋር ይዘሽ ሂጂ። የታመሙት በሕይወት ይሂዱ፣ እዚያው ይታረዳሉ። የሞተችውን በሁለት ፕላስቲክ አሽጊና በረዶ ባለበት ሳጥን ውስጥ አድርጊ። ፍሪዘር ውስጥ አታስገቢ። ሌሊት ሞታ ረፋድ ላይ ያገኘሻት ከሆነች ተያት፤ ዶሮ ቶሎ ነው የምትሸተው፣ የአንጀቱ ባክቴሪያ ጉበት ውስጥ ይገባና እንደገና ያሳስተናል። ከጉበት፣ ከልብና ከመቅኔ ነው የሚወሰደው። መቅኔ በጣም ጥሩ ነው፣ ቆሻሻ ቶሎ አይደርስበትም።

አንቺ ዕድለኛ ነሽ፣ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጁ እዚያው ቢሾፍቱ ነው። ራቅ ያላችሁ ደግሞ ሰበታ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት አለ። ባሕር ዳር፣ ኮምቦልቻ፣ አሰላ፣ ሶዶም የክልል ላብራቶሪዎች አሉ። ከመሄዳችሁ በፊት ደውላችሁ ካልቸር (ባክቴሪያ የማሳደግ ምርመራ) እየሠሩ መሆኑን ጠይቁ፤ ዲስክና አጋር የሚያልቅበት ጊዜ አለ። ውጤቱ ብዙ ጊዜ አራት ቀን ገደማ ይፈልጋል። በአንድ ቀን ሴንሲቲቪቲ ሠራሁልሽ ካለሽ ሰው አትቀበዪ፣ ባክቴሪያውን ማሳደግ ብቻ አንድ ሌሊት ይፈልጋል፣ ዲስኩ ደግሞ ሌላ ሌሊት።

ሱሉልታ ወተት

የናሙናው ነገር እኔንም አስከፍሎኛል። 9 ላሞች አሉኝ። ቡሬ የምትባለው ጡቷ ሦስት ጊዜ ታመመ። ሁልጊዜ ፔንስትሬፕ (ፔኒሲሊን ያለበት መርፌ) ነበር የምንወጋት፣ ትንሽ ይሻላትና ይመለሳል። ልጄ ወተቱን በሃይላንድ ጠርሙስ አልቦ ላብራቶሪ ወሰደው። ከቀናት በኋላ ውጤት ተብሎ የመጣው «ብዙ ዓይነት ባክቴሪያ የተቀላቀለበት ስለሆነ ድጋሚ ናሙና ያምጡ» የሚል ነው። ተናደድኩ። አሁን ሳስበው ልክ ናቸው፣ የላክንላቸው የላሟን በሽታ ሳይሆን የልጄን እጅና የጠርሙሱን አፍ ነው።

ሁለተኛውን ሐኪሟ ራሷ መጥታ ወሰደች። አጠገቧ ቆሜ አየሁ። ጡቱን አጥባ በንጹሕ ጨርቅ አደረቀች። የጡቱን ጫፍ በ70 በመቶ አልኮል በነከረችው ጥጥ ጠረገች፣ ጥጡ ነጭ ሆኖ እስኪቀር ድረስ ደጋግማ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት አራት ጭማቂ ወደ ውጭ ጣለች። ከዚያ ቱቦውን አጋድማ ክዳኑን በትንሿ ጣቷ ይዛ ትንሽ ብቻ አለበችና ወዲያው ከደነች። ክዳኑን መሬት አላስነካችም። በበረዶ ይዛው ሄደች። ሁሉም ነገር ሦስት ደቂቃ አልፈጀም።

ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ ሆነ። ፔኒሲሊን አር፣ ክሎክሳሲሊን ኤስ። ለካ ያን ሁሉ ጊዜ ስንወጋት ባክቴሪያው ፔኒሲሊኑን የሚሰባብር ነገር እያመረተ ነው የኖረው። ጡት ውስጥ በሚገባው ክሎክሳሲሊን ሦስቱ ክፍል ዳነ። አራተኛው ግን ደንድኖ ቀረ፣ ዘግይተናል። ልጄ አሁን የሁሉንም ላም ወተት በወር አንድ ጊዜ የጡት በሽታን በሚያሳየው የካሊፎርኒያ ምርመራ ያያል።

ጫጩት አሳዳጊ

ጋሼ ተማርኩ። ዶክተር እርስዎንም አመሰግናለሁ፣ የዕንቁላሉን ነገር እንዲህ አስቤው አላውቅም ነበር። አንድ ጥያቄ ልጠይቅ፦ ሁልጊዜ አራት ቀን መጠበቅ ካለብን በአራት ቀን ውስጥ የሚሞተውስ?

የወረዳ ሐኪም

ጥሩ ጥያቄ ነው። ብዙ እየሞተ ከሆነ አይጠበቅም። ናሙናው ከተወሰደ በኋላ፣ ልብ በል፣ ከተወሰደ በኋላ፣ ሐኪሙ ሬሳውን ከፍቶ ባየው ላይ ተመሥርቶ አንድ መድኃኒት ያስጀምራል። ውጤቱ ሲመጣ ይቀጥላል ወይም ይቀየራል። መጠኑም ለውሃው ሳይሆን ለክብደቱ ነው የሚሰላው። የታመመ ዶሮ ውሃ ይቀንሳል፤ በሊትር ቆጥረህ ብትበጠብጥ ግማሹ ብቻ ነው የሚደርሰው። ግማሽ መጠን ደግሞ ባክቴሪያውን አይገድለውም፣ ያለማምደዋል። በአራቱ ቀን ደግሞ የታመመውን ለይ፣ ውሃ መጠጫውን እጠብ፣ ቤት የሚገባ ሰው ጫማ ይቀይር። ይሄም ሞት ይቀንሳል።

ዕንቁላል ከቢሾፍቱ

ከዘጠኝ ቀን በኋላ ተመለስኩ፤ የሆነውን ልንገራችሁ።

በማግስቱ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ገባሁ። አንዷ ሞታለች፣ ገና ሙቅ ናት። ከሁለት በሽተኞች ጋር ይዤ ሄድኩ። ሲከፍቷት አብሬ እንድቆም ፈቀዱልኝ። ጉበቷ አብጦ ከጎድኗ ሥር ወጥቷል፣ ቀለሙ የጉበት አይደለም፣ ነሐስ የመሰለ፣ በብርሃን ሲታይ አረንጓዴ የሚል ነገር። ጣፊያዋም ሁለት እጥፍ ሆኗል። ዶክተሩ ገና ናሙና ሳይወስድ ፊቱ ተለወጠ። ከዚያ ቢላውን በእሳት አግሎ የጉበቱን ፊት ተኮሰ፣ በተተኮሰው በኩል ነው ጥጡን ያስገባው። የጭኗን አጥንት ሰብሮ ከመቅኔውም ወሰደ።

ሳልሞኔላ ጋሊናረም ነው። የዶሮ ታይፎይድ አሉኝ። ኢ. ኮላይ አይደለም። ያ የመጀመሪያው ወረቀቴ ሌላ ነገር ነበር የሚያወራው። ቴትራሳይክሊን አር፣ አምፒሲሊን አር፣ ትሪሜቶፕሪም-ሰልፋ ኤስ። ጀንታማይሲን ጭራሽ አልተጻፈም። ለምን ስል፣ ሳልሞኔላ ላይ ጀንታ ሳህኑ ላይ ጥሩ ክብ ቢያሳይም ባክቴሪያው ሴል ውስጥ ስለሚደበቅ እንስሳው ላይ አይሠራም፣ ስለዚህ ኤስ ብለን አንጽፍም አሉኝ። ያኔ ዱቄቱን ገዝቼ ቢሆን ኖሮ...

ሰልፋው ኤስ ነው፣ ልስጥ ብዬ ጠየቅሁ። ሞቱን ይቀንስልሻል አሉኝ። ግን የተረፉት ተሸካሚ ይሆናሉ፣ በዕንቁላልም ወደ ጫጩት ይተላለፋል፣ የዶሮ ቤቱን ከበሽታው በመድኃኒት ማጽዳት አይቻልም። ሰልፋው እየተሰጠና ካለቀም በኋላ ለተወሰነ ጊዜ ዕንቁላሉን መጣል አለብሽ አሉኝ። ከስድስት ሳምንት በኋላ 500 ቄብ ጎን ላለው ቤት አዝዣለሁ። ሁለት ሌሊት አልተኛሁም። በመጨረሻ ይሄን ቤት ባዶ ላደርገው ወሰንኩ። በሕይወት እያሉም ለነጋዴ አልሸጥኳቸውም፣ ገበያ ወስደው ለሌላ ቤት ያደርሱታል። 541 ነበሩ የቀሩት።

አሁን የምጠይቃችሁ፣ ቄቦቹ ከመምጣታቸው በፊት ምን ላድርግ? ክትባትስ አለው?

የወረዳ ሐኪም

እህቴ በጣም አዝናለሁ። ከባድ ውሳኔ ነው የወሰድሽው። ለጎረቤቶችሽም ነው ያደረግሽው።

ክትባት አለው፣ እዚያው ቢሾፍቱ ብሔራዊ የእንስሳት ሕክምና ኢንስቲትዩት ያመርታል። በሕይወት ያለ ባክቴሪያ ነው፣ ስለዚህ በክትባቱ አካባቢ ባሉት ቀናት አንቲባዮቲክ አይሰጥም፣ ክትባቱን ይገድለዋል። ቄቦቹን ከምታመጪበት ቦታ አስቀድሞ መከተባቸውን ጠይቂ። ቤቱን ሥረ መሠረቱን ጥረጊ፣ ጉዝጓዙን በሙሉ አውጥተሽ አቃጥዪ፣ በሳሙና ታጥቦ ከደረቀ በኋላ ነው ማጽጃ መድኃኒቱ የሚረጨው። እርጥብ ኩስ ላይ የተረጨ ማጽጃ አይሠራም። አይጦቹን አጥፊ፤ በሽታውን ከቤት ቤት ይዘው ይዞራሉ። ሬሳውን ምን አደረግሽው?

ዕንቁላል ከቢሾፍቱ

ከጓሮ ጉድጓድ አስቆፍሬ ኖራ ነስንሼበት ቀብሬዋለሁ። ሁለት ሜትር ጥልቀት አለው።

የወረዳ ሐኪም

ጥሩ ነው። ከውሃ ጉድጓድሽ ምን ያህል ይርቃል? ዶሮዎቹ የሚጠጡት ከዚያ ከሆነ ቄቦቹ ከመግባታቸው በፊት ውሃውንም እናስመርምር። ናሙናውን ልወስድልሽ ቅዳሜ ቢሾፍቱ ነኝ፣ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ።